የኬክ ማስጌጫ የስኳር ሊጥ መዳመጫ መኪና ስለ መምረጥ

የሚገዛውን ዕቃ አስቀድሞ ያልለካ ነጋዴ፣ ዋጋውን ቢያስቀንስም አላተረፈም። ይህ አነጋገር ለማናቸውም ዕቃ የሚሠራ ቢሆንም፣ በተለይ ለኬክ ቤት መሣሪያዎች እንደሚሠራ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

በደሴ ሰኞ ገበያና በኮምቦልቻ፣ በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም ከረመዳን ጾም በፊትና በኋላ፣ የሠርግ ኬክ የሚያዝዘው ሰው ብዙ ነው። ድፎ ዳቦው ሳይቀር፣ ባለ ብዙ ደርብ ኬክ ከጎኑ መቆም ጀምሯል። ኬኩን ከላይ እስከ ታች እንደ ነጭ ሸማ የሚያለብሰው ፎንዳንት የሚባለው የስኳር ሊጥ ሲሆን፣ ይኸውም ከደቀቀ ስኳር፣ ከግሉኮስ፣ ከጄላቲን፣ ከግሊሰሪንና ከጥቂት የአትክልት ስብ የሚለወስ ነው። ሥራው ሲበዛ ይህን ሊጥ በክንድ መዳመጥ ስለሚያደክም፣ የኬክ ቤት ባለቤቶች መዳመጫ መኪና ይፈልጋሉ።

እኔ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቢሮ ጸሓፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የኬክ ቤት ባለቤት ይህን የመሰለ መኪና በእኛ በኩል እንዲመጣላቸው ቀብድ ከፈሉ። የማዘዣውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የመኪናውን መጠን፣ ቀለሙን፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን አንድ ሳላስቀር ስጽፍ፣ የሱቁ መብራት ባለ አንድ ፌዝ መሆኑን ሳልጠቅስ ቀረሁ። ዕቃው በደኅና ደረሰ፤ ሣጥኑ ሲከፈት ግን ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው አላጠፋም፤ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። እመቤቲቱ መኪናቸውን ሸራ አልብሰው፣ የሠርጉን ወራት በሙሉ በመዳመጫ እንጨት ሲደክሙ ከረሙ። አሠሪዬም ሞተሩን ለማስለወጥ ያወጡት ገንዘብ ከዕቃው ካገኙት ትርፍ በለጠ። ሌላው ነጋዴ ከዚህ ስሕተት እንዲድን፣ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሩሎው ወርድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በኬኩ ስፋት ላይ የቁመቱን እጥፍ መደመር፣ ለመከርከሚያም 5 ሴንቲሜትር መጨመር ነው። ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ኬክ 55 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ሊጥ ይፈልጋል። የሩሎው ወርድ 40 ሴንቲሜትር ከሆነ ግን፣ በዚያው ቁመት ከ15 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ኬክ አያለብስም። ሊጡ ወደ ፊት የፈለገውን ያህል ቢረዝም የጎደለውን ወርድ አይተካም። በየቤቱ የታወቀው የፓስታ መኪና፣ ለምሳሌ የጣልያኑ የማርካቶ ፋብሪካ «አትላስ 150»፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ወርዱ 150 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለአበባ፣ ለቅጠልና ለሪባን እንጂ ኬክ ለማልበስ አይበቃም። ስለዚህ ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት፣ ደንበኛው የሚሠራው ትልቁ ኬክ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የውፍረት ማስተካከያው ነው። ኬክ የሚያለብሰው ሊጥ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው፤ ለአበባ የሚሆነው ከ1 ሚሊሜትር በታች ሊወርድ ይገባል። በእጅ ሲዳመጥ አንዱ ጠርዝ 3፣ ሌላው 5 ሚሊሜትር ሆኖ ይቀራል። 5 ሚሊሜትር የሆነው ሊጥ ከ3 ሚሊሜትሩ ይልቅ ሁለት ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ስኳር ይፈጃል። ይህ ትርፍ ስኳር ከባለ ሱቁ ኪስ የሚወጣ ሲሆን፣ በላተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ልጦ ሳህኑ ላይ ይተወዋል። መኪናው ሲፈተን፣ ያለፈውን ሊጥ በግራ፣ በመካከልና በቀኝ መለካት ነው፤ ሦስቱ ልኮች ካልተስማሙ ሩሎው ዘምሟል፣ ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል። ክፍተቱም በትንሽ በትንሹ የሚጠብ ይሁን፤ ከ15 ወደ 3 ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ የተገፋ ሊጥ ይሰነጠቃልና።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኀይሉ ነው። በአገራችን ለሱቅና ለቤት የሚቀርበው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና 120 ቮልት ስለሚጠይቅ፣ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ከሳዑዲ ዐረቢያ ዘመድ የሚልከው ደግሞ የባሰ ያታልላል፤ ቮልቱ ከኛው ጋር ቢቀራረብም የዚያ አገር መብራት 60 ኸርዝ ነው። ለዚያ የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ ሲሰካ ከፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፤ ከልኩ በላይም ይግላል።

ለደሴ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የሞተር ጉልበት ግን በተለምዶ የሚወሰነው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩን እንደ ልብ አያበርድም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን መምረጥ ይገባል። በሳምንት ሁለት ሦስት ኬክ ብቻ ለሚሠራ ቤት ግን፣ በእጅ የሚዞረው መኪና ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይፈታም።

ሩሎው ለምግብ ከሚሆን የማይዝግ ብረት ወይም ፕላስቲክ የተሠራ፣ ሊጥ መፋቂያዎቹም ያለ መፍቻ የሚወጡ ይሁኑ፤ በስንጥቅ የቀረ ስኳር እርጥበት ይስባል፣ ጉንዳንም ይጠራል። የእጅ መከላከያና የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና በርካሽ ቢገኝም አይገዛ፤ የነጠላ ጫፍ ሩሎ ውስጥ ከገባ እጅን አስከትሎ ይሄዳልና። ቺንጋና መፋቂያ ከመኪናው ጋር አብሮ ይታዘዝ። ኩሽኔታውም እንደ 6204 ያለ መደበኛ ቁጥር ያለው ከሆነ በመለዋወጫ ሱቆች ለማግኘት አያስቸግርም።

አስመጪዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። በእጅ የሚሠራና ክብደቱ ከ10 ኪሎ የማይበልጥ የምግብ ማዘጋጃ መሣሪያ በጉምሩክ ታሪፍ አንቀጽ 82.10 ሲመደብ፣ ለኢንዱስትሪ ሥራ የሚሆነው የዳቦና የጣፋጭ ማምረቻ መኪና በ84.38 ይመደባል። ቀረጡ የሚታሰበው በምድቡ ስለሆነ፣ ክብደቱና የሚሠራበት ኀይል በፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የተሳሳተን ዕቃ መልሶ ማዘዝ የሚያስወጣው ብር ከቀድሞው እጅግ የላቀ ሆኗል።

እኒያ እመቤት ዛሬም ደንበኛችን ናቸው፤ መኪናቸውም ይሠራል። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ የማዘዣ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ሜትር ይዤ ገዢው ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ፤ ቆጣሪውን አያለሁ፣ የጠረጴዛውንና የበሩን ስፋት እለካለሁ፤ ከዚያም ተመልሼ እጽፋለሁ።