የፈረንሳይ ቢስትሮ እንደገና ማንሠራራት

ቢስትሮ የሚባለው በፈረንሳይ አገር ለሰፈሩ ሕዝብ የተለመደ ምግብና የወይን ጠጅ በመጠነኛ ዋጋ የሚያቀርብ ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የቤት ኪራይ እየተወደደ፥ ፈጣን ምግብም እየተስፋፋ ስለ ሄደ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ይሁን እንጂ በፓሪስ ከተማ ይህ ሥራ በሁለት መንገድ እንደገና አንሠራርቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው መንገድ በወጥ ቤት ባለሙያዎች የተከፈተ ነው። ኢቭ ካምድቦርድ በታላቁ ክሪዮን ሆቴል ከሠራ በኋላ በ1992 ላ ሬጋላድ የተባለውን ቢስትሮ ከመሐል ከተማ ራቅ አድርጎ አቋቋመ። የታላቁን ሆቴል ሙያ ይዞ፥ የጌጡንና የድግሱን ወጪ ግን ትቶ፥ መልካም ምግብ በተወሰነ ዋጋ አቀረበ። ይህም አሠራር በኋላ ቢስትሮኖሚ ተባለ።

ሁለተኛው መንገድ ቡዮን ነው። ቃሉ የሥጋ መረቅ ማለት ሲሆን፥ ሥራውን በ19ኛው መቶ ዓመት የጀመረው ዱቫል የተባለ የፓሪስ ሥጋ ነጋዴ ነው። በ1896 የተቋቋመው ሻርትየ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያም ቡዮን ፒጋል በ2017፥ ቡዮን ሬፑብሊክ በ2021 ተከፈቱ።

የዋጋው መርከስ ምስጢር ይህ ነው። ቀስ ብሎ ለሚበስል ወጥ ርካሹ የሥጋ ክፍል ይበቃል፤ በትልቅ ድስት አስቀድሞ ስለሚሠራም ጊዜና ጉልበት ይቆጥባል። ዕቃው በብዛት ይገዛል፤ ቤቱም ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ሳያቋርጥ ስለሚያስተናግድ አንዱ ገበታ በቀን ብዙ ጊዜ ይሸጣል። በሻርትየ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ፤ ሒሳቡም በወረቀቱ የገበታ ልብስ ላይ ይጻፋል። ትርፉ የሚገኘው ከእያንዳንዱ ሳህን ሳይሆን ከተመጋቢው ብዛት ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች መቀመጫ ላለው ቤት ነው። ጥቂት ገበታ ብቻ ያለው የሰፈር ቢስትሮ በዋጋ ቢወዳደረው ይከስራል። በ2024 የቢስትሮና የካፌ ልማድ በፈረንሳይ ብሔራዊ የባህል ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ሆኖም መዝገቡ ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ትንሹ ቤት የሚበጀው የካምድቦርድን መንገድ መከተል፥ ይኸውም የምግቡን ዓይነት ማሳጠር፥ የማይጠቅመውን ወጪ መቀነስና በሙያው መታወቅ ነው።