ዝናሙን የሚቀድም ማሾ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከሚሴ ይደርሳል። ከተማዪቱ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፥ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ በአጠገቧ ተዘርግቶ ይታያል። ሜዳውን ለምለም ሆኖ ያየ መንገደኛ የአገሩ ገበሬ የዝናም ችግር ያለበት አይመስለውም። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ርቆ በአርጡማ ፉርሲ፥ በደዌ ሐረዋ ወይም በባቲ ቆላ የሚያርሰው ገበሬ ዓይኑ ከሰማይ ላይ ነው። ዝናሙ ካጓደለ በሚያዝያ የዘራው ማሽላ ይደርቅበታል። በሐምሌ ገልብጦ ሌላ ቢዘራም መስከረም ላይ ዝናሙ ጥሎት ይሄዳል።

እስቲ አንባቢያችን ከእኛ ጋር ቀን ይቁጠሩ። ሐምሌ 15 ቀን የተዘራ እህል በ70 ቀን የሚደርስ ከሆነ መስከረም 20 ቀን ይሰበሰባል። 100 ቀን የሚፈልግ ከሆነ ግን እስከ ጥቅምት 20 ቀን መቆየት አለበት። በመካከሉ ያለው አንድ ወር ለቆላው ገበሬ የዓመት ቀለቡ ነው፤ ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ውሃ ያጣ ተክል ገለባ እንጂ እህል አይሰጥምና።

በዚህ አገር ለእንዲህ ያለው ጥድፊያ የተመቸው ጥራጥሬ ማሾ ነው። ከዩኒቨርስቲ በቅርብ የወጣን እንደ መሆናችን የላቲን ስሙን ለመደርደር ይዳዳናል፤ ሆኖም ገበሬው ማሾ ካለው ይበቃል። የትውልድ አገሩ ሕንድ ነው። የጥንቱ ማሾ እንደ ዛሬው ፈጣን አልነበረም፤ በእስያ ከ90 እስከ 110 ቀን የሚፈጅ ነበር። ከዚህም የባሰው ጠባዩ አንድ ጊዜ አለመድረሱ ነው። የታችኛው ቆባ ጠቁሮ ሲፈነዳ የላይኛው ገና ያብባል፤ ስለዚህ ሴቶችና ልጆች ወደ ማሳው ሦስትና አራት ጊዜ እየተመላለሱ በእጃቸው ይለቅማሉ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በታይዋን የተቋቋመው የዓለም የአትክልት ማዕከል ይህንን ጠባይ ለማረም ተነሣ። ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የማሾ አበባ ገና ሳይከፈት በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል፥ አዳቃዩ እምቡጡን በማታ በወረንጦ ከፍቶ ወንዴውን ይለቅማል፤ በማግሥቱ ጧት የሌላውን ተክል ብናኝ ያስነካዋል። ከዚያ በኋላ የተገኘውን ዘር እየዘራ፥ ቀድሞ የደረሰውንና ቆባው ባንድነት የጠቆረውን እየመረጠ ብዙ ትውልድ ያሳልፋል። በዚህ መንገድ ከ55 እስከ 65 ቀን ውስጥ የሚደርሱ ዐይነቶች ተገኙ።

እዚህ ላይ ግን ፍጥነትና ምርት ይጣላሉ። ቀኑ ያጠረ ተክል ቅጠል የሚያበጅበት፥ ከፀሐይም ምግብ የሚያከማችበት ጊዜ ያጥራል። የአዳቃዮቹ ብልሃት ተክሉ ካበጀው ውስጥ ወደ ግንድ የሚሄደውን ቀንሶ ወደ ፍሬ የሚሄደውን ማብዛት ነው። ተክሉ አጭር ስለሚሆንም ተቀራርቦ ይዘራል። በእኛ አስተያየት፥ ለአርጡማ ፉርሲ ገበሬ የሚሆን ዘር መመዘን ያለበት ዝናም በበቃበት ዓመት በሚሰጠው ኩንታል ሳይሆን ዝናም ባጠረበት ዓመት በሚያስገባው ነው።

በአገራችን የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በ2003 ዓ.ም. «ራሳ» የተባለውን ማሾ አወጣ። ከ65 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ፍሬውም ጐላ ያለና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው። የስሪንቃ ማዕከልም በጨፋ የሙከራ መሬት ስላለው ዘር እዚያው በአገሩ አየር ይፈተናል። ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የፍሬው መልክና ትልቅነት ዋጋ ያለው ነገር ሆኗል።

ምርጥ ዘር ተገኘ ማለት ግን ከገበሬው እጅ ገባ ማለት አይደለም። ማሾ በራሱ የሚዳቀል ስለ ሆነ ገበሬው ዘሩን ከዓመት ዓመት ከራሱ ጐተራ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለገበሬው በጎ ነው፤ በየዓመቱ ደንበኛ ለሚፈልግ ዘር ሻጭ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። ከገበያ የተገዛ ማሾም ፈጣኑና ዘገምተኛው ተደባልቆ ይመጣል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ለዘር በተለየችው ማሳ ውስጥ ጓደኞቹ ቆባ ይዘው እርሱ ገና የሚያብበውን ተክል እየነቀሉ መጣል ነው።