የጃቫው ቡና ውድ ነው፤ እውነተኛነቱን ግን ማን አየ?

በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት መካከል የሚገኘውን የቦሮቡዱር ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለማየት የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይገዛል። አንዱ የመግቢያ ትኬት ነው። ሌላው በዙሪያው ባሉ መንደሮች በሲኒ የሚቀርብለት “ኮፒ ሉዋክ” የተባለው ቡና ነው። ሁለቱም የሚሸጡት በስማቸው ነው። በገበያ ዓይን ሲታዩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያውን ገዢው በዓይኑ አይቶ ይከፍልበታል፤ የሁለተኛውን ምንነት በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

የሚቆጠር ሀብት

ቦሮቡዱር በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሳይሌንድራ ነገሥታት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የታነፀ ነው። 504 የቡድሃ ሐውልቶች፣ በላይኞቹ እርከኖች ላይ ደወል የሚመስሉ 72 ስቱፓዎች፣ በግድግዳዎቹ ላይ ደግሞ 2,672 የድንጋይ ቅርጾች አሉት። ለዘመናት በአመድና በጫካ ተውጦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 የወቅቱ የእንግሊዝ ገዢ ስታምፎርድ ራፍልስ እንዲጠረግ አደረገ። በዩኔስኮ ድጋፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታድሶ በ1991 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የቤተ መቅደሱ ችግር የገዢ እጥረት ሳይሆን የገዢ ብዛት ነው። የጎብኚው እግር የድንጋይ ደረጃዎቹን ስለሚበላቸው፣ የአገሪቱ መንግሥት በ2022 ወደ ላይ ለመውጣት ከውጭ አገር ዜጋ 100 ዶላር፣ ከአገሬው ሰው 750,000 ሩፒያ ለማስከፈል አቅዶ ነበር። ተቃውሞ ሲበረታ ዕቅዱን አቆየው። በ2023 የተመረጠው መንገድ ግን ለነጋዴ ትምህርት አለው። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በቀን 1,200 እንዲሆን፣ ከአስጎብኚ ጋር እንዲሄድና ድንጋዩን የማይጎዳ “ኡፓናት” የሚባል ነጠላ ጫማ እንዲጫማ ተደረገ። ጫማውን የሚሠሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አቅርቦቱ ተወሰነ፣ ቅርሱ ተጠበቀ፣ መንደሩም ድርሻ አገኘ። ገዢውም የከፈለበትን ነገር ቆሞ አየ።

የማይታይ ሸቀጥ

ሉዋክ የጥርኝ ዘመድ የሆነ፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ አውሬ ነው። ቀይ እሸት ቡና መርጦ ይበላል፤ ሥጋው ሆዱ ውስጥ ሲፈጭ ፍሬው ከእዳሪው ጋር ይወጣል። ያ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይቆላል። በዱር ከሚኖር ሉዋክ የሚለቀመው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው በችርቻሮ በኪሎ ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ዋጋው እዚያ ሲደርስ አቋራጭ ፈላጊው በዛ። አውሬውን አጥምዶ በጠባብ ቀፎ ማሰርና እሸት ቡና ብቻ ማብላት ተለመደ። በ2013 የእንግሊዙ ቢቢሲ ይህንኑ ሲያጋልጥ፣ በቀፎ የተመረተው ቡና “የዱር” ተብሎ አውሮፓ ድረስ እንደሚሸጥ ታወቀ። መርጦ የሚበላው አውሬ የሚሰጡትን ብቻ እንዲበላ ከተገደደ፣ የዋጋው ምክንያት የነበረው ምርጫ ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

ምጣኔ ሀብት ለዚህ ስም አለው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ባደረገው ጥናቱ፣ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነበር ያስረዳው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው እንከን ያለበት ነው። የሉዋክ ቡናም መንገድ ይኸው ነው። በዱር ለቅሞ የሚያመጣው ገበሬ ከቀፎው ባለቤት ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም።

ከቦሮቡዱር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዮግያካርታ ከተማ፣ በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ የሚሸጥ ሌላ እንግዳ ቡና አለ። “ኮፒ ጆስ” ይባላል። ሻጩ የጋለ የከሰል ፍም ከምድጃው አንስቶ ቡናው ውስጥ ይጨምራል። ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ነው። ፍሙ “ጆስ” ሲል ገዢው ቆሞ ስለሚሰማ ማጭበርበር አይታሰብም።

ማረጋገጫው ከላቦራቶሪ ይመጣል ያሉም አልጠፉም። በ2013 የጃፓንና የኢንዶኔዥያ ተመራማሪዎች የሉዋክን ቡና ከሌላው የሚለዩ እንደ ሲትሪክ አሲድና ማሊክ አሲድ ያሉ ምልክቶችን አግኝተዋል። ነገር ግን አውሬው በዱር ወይስ በቀፎ መኖሩን ሲኒው አይናገርም።

ለእኛ ነጋዴ ምን ይላል?

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የካናዳው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማሲሞ ማርኮኔ በ2004 ባሳተመው ጥናት የኢንዶኔዥያውን ቡና ያነጻጸረው ከኢትዮጵያ ጥርኝ ከተገኘ ቡና ጋር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የዝባድ ንግድ አለ። አገራችን በቀፎ ከተያዘ ጥርኝ የተወሰደውን ዝባድ በቀንድ እያሸገች ለዘመናት ለአውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ሸጣለች። በ1990ዎቹ የእንስሳቱ አያያዝ ጥያቄ ሲነሳና በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ ሲኖር፣ ታላላቅ ገዢዎች ፊታቸውን አዞሩ። የጥርኝ ቡና ልነግድ የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ መጀመር አለበት።

ሌላው መንገድ የቦታን ስም ማስጠበቅ ነው። ኢንዶኔዥያ የሱማትራውን የጋዮ ቡና ስም በአውሮፓ ኅብረት በ2017 አስመዝግባለች። ኢትዮጵያም ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተሟግታ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። የቦታ ስም ግን ዋጋ የሚኖረው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ከተጻፈው ቦታ የመጣ እስከሆነ ድረስ ነው። የሌላ አካባቢ ቡና ቀላቅሎ በይርጋ ጨፌ ስም የሚልክ ላኪ፣ በጃቫ ቀፎ ከሚሠራው ሰው የሚለየው በአውሬው ብቻ ነው። ትርፉን እሱ ለአንድ ወቅት ያገኘዋል፤ የዋጋውን ቅናሽ ግን ፍሬውን በቅንነት የለቀመው ገበሬ ለብዙ ዓመት ይከፍለዋል።