መጣል ከመማራችን በፊት መውደቅ እንማር

በዚህ እትም የስፖርት ዓምዳችን ላይ ስለ ጁዶ ልጽፍላችሁ ነው። ጁዶ በጃፓን የተጀመረ የትግል ስፖርት ነው። «አብርሃ ጅራ ላይ ሆነን ጁዶ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ሀሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ነገር ስላለ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

አምና ሰሊጥ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጓደኛዬ ጋር መንገድ ላይ ትግል ገጠምን። ጠብ አልነበረም፣ ጨዋታ ነው። እግሩን ጠለፍኩና ጣልኩት። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። እሱ ግን አልተነሳም። የእኛ ጥቁር አፈር በበጋ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃላችሁ፣ ድንጋይ ነው። ሲወድቅ በመዳፉ ሊደገፍ ሞክሮ ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት። ከአንድ ወር በላይ መጻፍ ስላልቻለ የእሱን ደብተርም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እናቱ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። «ይሁን ልጄ፣ ጨዋታ ነው» ነበር የሚሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ «ሁለታችሁም መጣል ነው የተማራችሁት፣ መውደቅ ግን አልተማራችሁም» አሉኝ። ከዛም ጁዶ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መውደቅ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ገረመኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ቲቸርን እየጠየቅሁና እያነበብኩ ያገኘሁትን እነሆ።

ጁዶን ማን ጀመረው?

ጁዶን የጀመረው ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ መምህር ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ልጅ እያለ ትንሽዬና ቀጭን ስለነበር ጉልበተኞች ያስቸግሩት ነበር። ስለዚህ ጁጂትሱ የሚባለውን የድሮ የጃፓን ትግል ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1882 ቶክዮ ውስጥ በአንድ ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት በጥቂት ተማሪዎች ከፈተ። ከድሮው ትግል ሰው የሚጎዱትን ነገሮች ቀንሶ፣ በሥርዓት የሚማሩትን አዲስ ስፖርት አወጣ። ጁዶ ማለት የልስላሴ መንገድ ማለት ነው።

ትግል እንዴት በልስላሴ ይሆናል? ካኖ በቁጥር ነው ያስረዳው። የአንተ ጉልበት 7፣ የእሱ 10 ነው እንበል። ሲገፋህ መልሰህ ብትገፋው ትሸነፋለህ፣ ምክንያቱም 10 ከ7 ይበልጣል። ሲገፋህ ወደ ኋላ ብትለቅለት ግን ወደ ፊት ይንገዳገዳል። በዛች ሰዓት የእሱ 10 ወደ 3 ይወርዳል። አንተ ግን ሚዛንህን ስለጠበቅህ 7ህ አለ። ስለዚህ በግማሽ ጉልበትህ ትጥለዋለህ።

ጁዶ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይማራል?

1ኛ. ሰላምታ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ከመጀመራቸው በፊትም ሲጨርሱም ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ። ለምን መሰላችሁ? የሚጥሉት ሰው ባይኖር መጣልን መማር ስለማይችሉ ነው። ካኖ ካስተማራቸው ሁለት ትልልቅ ነገሮች አንዱ ጉልበትን በደንብ መጠቀም ሲሆን ሁለተኛው አብሮ ማደግ ነው።

2ኛ. መውደቅ። መጀመሪያ ተኝተው፣ ቀጥሎ ተቀምጠው፣ ከዛ ቁጢጥ ብለው፣ መጨረሻ ላይ ቆመው ይለማመዳሉ። ወደ ኋላ ሲወድቁ ጭንቅላት መሬት እንዳይመታ አገጭን ወደ ደረት ያስጠጋሉ። እጅን ዘርግቶ መሬት መደገፍ ክልክል ነው፣ ጓደኛዬን የሰበረው እሱ ነው። በዚህ ፈንታ ከመዳፍ እስከ ክንድ ያለውን እጅ በሙሉ ከጎን መሬት ላይ ጠፍ ያደርጋሉ። ይህ በሳይንስ የተማርነው ግፊት ነው። አንድ ዓይነት ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ግመል ከባድ ሆኖ ሳለ አሸዋ ውስጥ የማይሰምጠው እግሩ ሰፊ ስለሆነ ነው። በመዳፍ ብቻ ስንወድቅ ግን ክብደታችን በሙሉ አንጓችን ላይ ያርፋል።

3ኛ. ሚዛን ማሳጣት። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱን እግር ብትቆርጡት ግን እግር ወደሌለበት በኩል ይወድቃል። ሰው ሁለት እግር ብቻ ስላለው ሁልጊዜ የጎደለ እግር አለበት፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው። የጁዶ ተማሪ ልብሱን ይዞ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይስበዋል ወይም ይገፋዋል። ሚዛን ሳያሳጡ ለመጣል መሞከር ከዛፍ ጋር መታገል ማለት ነው።

4ኛ. መግባትና መጣል። ሚዛኑ ሲጠፋ ሰውነትን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያስገባሉ፣ ከዛ ይጥላሉ። ለምሳሌ ሴኦይ ናጌ የሚባለው በትከሻ መጣል ነው። ሰሊጥ በኩንታል የሚጭኑትን ሰዎች ተመልከቱ። ኩንታሉን በክንዳቸው አያነሱም፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይገቡና በጀርባቸውና በእግራቸው ይነሳሉ። ሴኦይ ናጌም እንደዛው ነው፣ ዞር ብሎ ከሥሩ መግባት ነው። ኦ ሶቶ ጋሪ የሚባለው ደግሞ ከውጭ በኩል እግርን ከኋላ ማጨድ ነው። እኛ «እግር መጥለፍ» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል።

5ኛ. መደጋገም። አንዱ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ሳይጥለው መግባቱን ብቻ አሥር ጊዜ ይለማመዳል፣ ከዛ ተራ ይቀያየራሉ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማባዛትን በቃላችን እስክንይዝ ስንት ጊዜ አልናት? ሰውነትም በመደጋገም ነው የሚይዘው።

6ኛ. ነጻ ትግል። ጃፓኖች ራንዶሪ ይሉታል። እዚህ ላይ ሁለቱም ይሞክራሉ፣ ግን የልምምድ እንጂ የውድድር አይደለም። ያስጨነቀው ሰው በእጁ ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገ ሌላው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ያለቀቀ ልጅ ጎበዝ አይባልም።

ተማሪው ደረጃው ሲያድግ የቀበቶው ቀለም ይቀየራል። ጀማሪው ነጭ ነው፣ ብዙ ዓመት የለፋው ጥቁር ይታጠቃል። የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ሾዳን ይባላል፣ ትርጉሙም የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። ማለትም ጥቁር ቀበቶ መጨረሻ ሳይሆን ገና መጀመሪያ ነው።

ከቶክዮ ምን እንማራለን?

ጁዶ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 በቶክዮ ነው፣ በእኛ 1957 ዓ.ም.። አዎ፣ የእኛ ጀግና አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ! አበበ ካሸነፈ ከሁለት ቀን በኋላ የኔዘርላንዱ አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈው። የጌሲንክ ደጋፊዎች በደስታ ወደ መድረኩ ሲሮጡ ጌሲንክ እጁን አንስቶ ከለከላቸው፤ ከዛም ለተሸናፊው ሰላምታ ሰጠ። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔም እጄን አንስቼ ነበር፣ ግን ለጭብጨባ።

ጁዶ የወንድ ብቻ የሚመስላችሁ ደግሞ ኬይኮ ፉኩዳን እወቁ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ብቻ ነበር። በ1935 ከካኖ ዘንድ መማር ጀመረች። በ2011 በ98 ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ አሥረኛ ዳን ተሰጣት (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የእኛስ ትግል?

የእኛ ትግል ከጁዶ ያንሳል እያልኩ አይደለም። ትግል ከገናና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ያለ ስፖርት ነው። አያቴን ጠይቄያቸው ነበር። እሳቸው እረኛ እያሉ የሚታገሉት ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ነበር። እኩያን ከእኩያ የሚያገጥም፣ በቃ ሲል የሚያስቆም ትልቅ እረኛም ነበር። «እናንተ ግን አስፋልት ላይ ትታገላላችሁ» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ አሸዋውንም ዳኛውንም የተውነው እኛ ነን።

በመጨረሻ አንድ ሀሳብ አለኝ። የጃፓኖች የጁዶ ምንጣፍ በፊት ከሩዝ ጭድ ነበር የሚሠራው። እኛ ጋ ባዶ ማዳበሪያና ጭድ ሞልቷል። የስፖርት ክበባችን ማዳበሪያውን ጭድ ሞልቶ ቢሰፋና መምህራችን ባሉበት መውደቅን ብንለማመድ ጥሩ ነው እላለሁ። እስከዛው ግን አደራ፦ ደረቅ መሬት ላይ አትታገሉ፣ አንገት አትያዙ፣ ከእናንተ የሚያንስ ልጅ አትግጠሙ፣ ያነበባችሁትን ያለ መምህር አትሞክሩ።

የጓደኛዬ እጅ አሁን ድኗል። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበውም እሱ ነው፣ ሁለት የፊደል ስህተትም አርሞልኛል። ከቲቸር ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ መውደቅ እየተለማመድን ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ እሱ በደንብ ይወድቃል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ