ስለ መኪና መግዣ ብድር ለዋግ ነጋዴዎች



ከሰቆጣ ማርና ፍየል ጭኖ ወደ ላሊበላና ወደ ወልዲያ ለሚሄድ ነጋዴ፥ የሰው መኪና መከራየት ትርፉን ምን ያህል እንደሚበላበት ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ሁሉ፥ ባጃጅም ይሁን አይሱዙ፥ የራሱን ተሽከርካሪ ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ሆኖም ጥሪቱ ከዋጋው ጋር ስለማይመጣጠን ወደ ብድር መሄዱ አይቀርም፤ የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ከአበዳሪ ዘንድ የቀረበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ወለዱ በመቶ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ነው። ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «የሚታሰበው በምን ላይ ነው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያ በተበደሩት ገንዘብ ላይ እስከ መጨረሻው ሳይቀነስ የሚታሰብ ወለድ አለ፤ ዕዳው እየተከፈለ ሲሄድ በቀረው ላይ ብቻ የሚታሰብም አለ። ሁለቱም በወረቀት ላይ «15 በመቶ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

በአኃዝ እንየው። አንድ ሰው 600,000 ብር በ3 ዓመት፥ በየወሩ ሊከፍል ተበደረ እንበል። ወለዱ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ በየዓመቱ 90,000 ብር፥ በ3 ዓመት 270,000 ብር ይሆናል። በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን የወሩ ክፍያ ወደ 20,800 ብር፥ ጠቅላላ ወለዱም 149,000 ብር ያህል ነው። ልዩነቱ ከ120,000 ብር ይበልጣል! በቀሪው ዕዳ ላይ 17 በመቶ የሚጠይቅ አበዳሪ እንኳ ወለዱ 170,000 ብር ገደማ ነውና፥ በመጀመሪያው ዓይነት ከሚያስከፍለው ባለ 15 በመቶ በብዙ ይረክሳል።

የጊዜው ርዝመትም እንደዚሁ ነው። ያው 600,000 ብር በቀሪው ዕዳ ላይ በ15 በመቶ ለ5 ዓመት ቢዘረጋ የወሩ ክፍያ ወደ 14,300 ብር ዝቅ ይላል፤ ወለዱ ግን ወደ 256,000 ብር ከፍ ይላል። ከዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያ፥ የንብረት ግምትና የመድን ወጪ ይታከላል። እነዚህ ሁሉ ሳይደመሩ የብድሩ ዋጋ ታወቀ አይባልም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። ባንኮች ግን የሚተዳደሩት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲሆን የብድር ወለዳቸውን ራሳቸው ይወስናሉ፤ ዋጋውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረውን የዛሬውን ፀደይ ባንክንም ሆነ ሌሎቹን ሳይጠይቁ መፈረም ራስን መጉዳት ነው። ወለድ መቀበል ሃይማኖቱ ለማይፈቅድለት ደግሞ ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ፤ የትርፍ ጭማሪውን ግን እርሱም ማስላት አለበት።

አበዳሪው ወለዱን ዝቅ የሚያደርገው ስጋቱ ሲቀንስ ነው። የቅድሚያ ክፍያ ከፍ ሲል፥ በባንኩ የቆየ ቁጠባና የሽያጭ መዝገብ ሲኖር መደራደር ይቻላል። በዋግ ሀብት በአብዛኛው ከብትና ፍየል ነው፤ መሬትም የማይሸጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፥ ከብትን ጨምሮ፥ በመዝገብ ገብቶ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። አበዳሪው ይህን የሚቀበል መሆኑን መጠየቅ አያስነውርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መንገድ ሲዘጋ መኪና ይቆማል፤ ዕዳ ግን አይቆምም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ የሆነውን የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ክፍያ ለተቋረጠበት ብድር፥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለሆነም የእፎይታ ጊዜ መኖሩን፥ የመዘግየት ቅጣቱን፥ ዕዳን ቀድሞ መክፈል ቅጣት የሚያስከትል መሆን አለመሆኑን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ማግኘት ይገባል። ገበያ የጠፋበት ሰውም ቀኑ ሳያልፍ ወደ ባንኩ ሄዶ የክፍያው ጊዜ እንዲሸጋሸግለት በማመልከቻ ይጠይቅ፤ ስልክ አጥፍቶ መሰወር የሚያተርፈው ሐራጁን ነው።

ዕዳው ሲያልቅ ከባንኩ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይወሰዳል፤ ሊብሬውን ተረክቦም ደብዳቤውን ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በማቅረብ በመኪናው ላይ የነበረውን እገዳ ማስነሣት ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ባለ መኪና መሸጥ በፈለገ ዕለት ከብዙ ዓመት በፊት በከፈለው ዕዳ ይጠየቃል።