ሰም ለጧፍ ብቻ አይደለም

በብዙዎቻችን ቤት አንድ ፎቶግራፍ አለ። የአባት ይሆናል። ጦር ሜዳ የቀረ ልጅ ይሆናል። ሌላ ቅጂ የለውም። ታዲያ የት ነው ያለው? ግድግዳ ላይ፣ በሚስማር ተመትቶ ወይም በሊጥ ተለጥፎ። ሚስማሩ ይዝግና ወረቀቱን ይበላዋል። ሊጡን አይጥ ይፈልገዋል። ጢሱ ያጠቁረዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይሻግታል።

ማር ጨምቀን የምናስቀረው ሰፈፍ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰም ውኃ አያስገባም። የፎቶግራፍ ሰዎች ይህን ያወቁት ዱሮ ነው። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በ1851 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወረቀትን በሰም ነክሮ ፎቶግራፍ የማንሻ ዘዴ አሳተመ። በዚያ ዘመን ያለቀውንም ፎቶግራፍ በሰም ቅባት ያሹት ነበር።

ሰፈፉን በውኃ እናፈላለን፤ በጨርቅ እናጠልላለን። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ከዚያ አንድ እጅ ሰም በጣሳ አድርገን፣ ጣሳውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ እናቆማለን። ሰም በ64 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የፈላ ውኃ ይበቃዋል። እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ ግን ይቀጣጠላል። ሲቀልጥ ደጅ አውጥተን፣ ከእሳት አርቀን፣ ቀለም ቀቢዎች የሚይዙትን አኳራጅ ሦስት እጅ እንጨምርበታለን። አደራ! አኳራጅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ልጆች አይጠጉ። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይሆናል።

የፎቶግራፉን አቧራ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ እናነሣለን። ቅባቱን በጣም ጥቂት፣ በስሱ እናሸዋለን። ቆየት ብለን በንጹሕ ጨርቅ እንወለውላለን። ጥቁሩ ይደምቃል፤ ፊቱ ያበራል።

ግን መጀመሪያ በማይፈለግ ፎቶግራፍ እንሞክር። ያን አንዱን ከመንካታችን በፊት ፎቶ ቤት ወስደን እናስገልብጠው። ዘዴው ለጥቁርና ነጭ የወረቀት ፎቶ ነው። የዛሬው ባለ ቀለም ብዙው በላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ መስታወት ይሻለዋል። የተላጠውን አንነካውም።

ማጣበቁስ? በአሜሪካ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ የጋዜጣ ሠራተኞች ፎቶውን ገጹ ላይ በትኩስ ሰም ያጣብቁ ነበር። ቦታው ካልተስማማቸው አንሥተው ያዛውሩታል። ለእነሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለእኛ ግን ከጀርባ የገባ ሰም ወረቀቱን ያወይበዋል። ስለዚህ ካርቶኑን በአራቱ ማዕዘን በቢላ ሰንጥቀን የፎቶውን ጫፍ ጫፍ እናስገባ። ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ። ሰም ፀሐይን ስለማይከለክል ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ እንምረጥ፤ ከምድጃውም ራቅ ይበል።