የሚያነክስ ውርንጭላ ሲያጋጥም እምብርቱን ይመልከቱ

እትብቴ የተቀበረው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ነው። ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ከዓመታት በፊት ለበዓል ቤተሰብ ልጠይቅ በሄድኩበት ወቅት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን የስድስት ቀን ውርንጭላ አሳዩኝ። ያነክሳል። «እናቱ ረግጣው ነው፤ ወጌሻ ሦስት ቀን አሸው» አሉኝ። መገጣጠሚያው አብጦ ይፋጃል። እምብርቱን ስነካው መግል ወጣ። መድኃኒት ብጀምርለትም በማግስቱ ሞተ።

ለመሆኑ እምብርትና እግርን ምን አገናኛቸው? በእትብት ውስጥ ሁለት ደም ቅዳዎች፣ ወደ ጉበት የሚሄድ አንድ ደም መልስ እና የፅንሱን ሽንት የሚያወጣ ቱቦ አሉ። እስኪደርቅ ድረስ እትብቱ ለባክቴሪያ ክፍት በር ነው፤ በዚያ የገባው ባክቴሪያ በደም ተሰራጭቶ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ውርንጭላ ደግሞ የበሽታ መከላከያ አቅሙን የሚያገኘው በዋናነት ከእናቱ እንገር ነው። አንጀቱ ይህንን ወደ ደም የማሳለፍ ችሎታው ከ12 ሰዓት በኋላ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ በተወለደ በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልጠባ ውርንጭላ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ምርመራው በዓይንና በእጅ ይጀምራል። ጤነኛ እምብርት በቀናት ውስጥ ደርቆ ይቀጥናል። እብጠት፣ ትኩሳት፣ ሕመም ወይም መግል ካለ ቁስለት መኖሩን ያመለክታል። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነና ሽንት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቱቦው አልተዘጋም ማለት ነው። ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚመለስ ለስላሳ እብጠት ሄርኒያ ነው፤ ትንሹ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል፣ ከጠጠረና ካመመው ግን አስቸኳይ ነው። ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የሚመግልም ስላለ አልትራሳውንድ ባለበት ቢታይ ይመረጣል።

እትብቱ በራሱ ይበጠስ እንጂ በቢላዋ አይቆረጥ። እበትም ሆነ አመድ አይደረግበት፤ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል። አንድ እጅ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በሦስት እጅ ንጹሕ ውኃ ቀጥኖ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይነከርበታል። ኃይለኛ አዮዲን ሥጋውን ስለሚያቃጥል አይመከርም። አንዴ ከመገለ ግን በሐኪም የታዘዘ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

በአምባሰል ዳገትና ቁልቁለት የጋማ ከብት የቤተሰብ እጅና እግር ነው። የጎረቤታችን ባዝራ በሌላ ዓመት ስትወልድ አዛውንቱ በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። «እምብርቱ ደርቋል፤ ይሮጣል» አሉኝ።